ፊት የጠፋባቸው ፎቶ አንሺ፦ የአቶ ወልደሰንበት ማኑሄ የሕይወት ታሪክ

ስለ አቶ ወልደሰንበት ማኑሄ የመጨረሻ ዓመታት በኮልፌ ሁለት ነገር ይወራል። ገሚሱ ኮርተው ሰላምታ ነሱን ይላል፤ ገሚሱ ዓይናቸው ጠፍቶ ነው ይላል። ሁለቱም ልክ አይደለም።

አቶ ወልደሰንበት ከአባታቸው ከአቶ ማኑሄ ገብሬ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ በላይነሽ ኃይሌ በ1951 ዓ.ም. በቦንጋ ተወለዱ። በ1964 ዓ.ም. ከአጎታቸው ጋር አዲስ አበባ መጥተው እስከ አሥረኛ ክፍል ተማሩ። ፎቶ ቤት ተቀጥረው ሙያውን ከለመዱ በኋላ በ1975 ዓ.ም. ኮልፌ ገበያ አጠገብ የራሳቸውን ከፈቱ። በ1979 ዓ.ም. ከወ/ሮ አልማዜ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሄቨንንና አማኑን አፍርተዋል። ለመታወቂያ ፎቶ አንድ ጊዜ የመጣን ሰው ከዓመታት በኋላ በስሙ ይጠሩት ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ስትሮክ አጋጠማቸው። እጅና እግራቸው ቢያገግምም ፊት መለየት ግን አልተመለሰላቸውም። የዓይን መመርመሪያውን ሰሌዳ እስከ ታችኛው መስመር አነበቡ፤ ወ/ሮ አልማዜን ግን እስኪናገሩ ድረስ አላወቋቸውም። ሐኪማቸው እንዳስረዱት፣ ዓይን ፊትን በአንድ ጊዜ አይጨብጥም፤ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ከቦታ ቦታ ይዘላል፣ አንጎልም ያንን ቁርጥራጭ አገጣጥሞ ማን እንደሆነ ይነግረናል። የእሳቸው ዓይን ግን የሰው ዓይን ላይ ማረፉን ትቶ አፍና ጆሮ ላይ ይንከራተት ነበር። ዓይናቸው ስለባዘነ ነው ሰው መለየት ያቃታቸው፣ ወይስ መለየት ስላቃታቸው ነው ዓይናቸው የባዘነው? ሐኪሙ እርግጠኛ እንዳልሆኑ ተናገሩ። አቶ ወልደሰንበት ይህን መልስ ወደዱት። ከዚያ ወዲህ የድሮ ፎቶዎች ዘርግተው፣ ዓይናቸው መጀመሪያ ያረፈበትን በእስክሪብቶ ነጥብ እያደረጉ ሲመራመሩ ይውሉ ነበር።

ሕመሙ እንዳይወራ ግን ቤተሰቡን አስማሉ፤ ፊት የማያውቅ ፎቶ አንሺ መባልን አፍረው። በ2013 ዓ.ም. ከፎቶ ቤታቸው ጎን ጫማ የሚሠሩት የልብ ወዳጃቸው የአቶ ነገሬ እናት ሲያርፉ ለቅሶ ደረሱ። ከለቅሶ ብዛት ድምፁ ከተዘጋ ሰው አጠገብ ተቀምጠው፣ «ነገሬ የታለ?» ብለው ጠየቁት። የተጠየቁት አቶ ነገሬ ራሳቸው ነበሩ። ተነሥተው ሄዱ፤ ሁለቱ ወዳጆች አራት ዓመት ሳይነጋገሩ ቀሩ።

አቶ ወልደሰንበት በድጋሚ በደረሰባቸው ስትሮክ ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፊት አይቶ የማያዳላ አምላክ በስማቸው ጠርቶ ይቀበላቸው።

ትናንት በድንኳኑ፣ መሐላው ስላበቃ፣ ወ/ሮ አልማዜ እውነቱን ለአቶ ነገሬ ነገሯቸው። አቶ ነገሬም ተነሥተው ለለቀስተኛው ሁሉ፣ «ነገ የሕይወት ታሪኩን የማነበው እኔ ነኝ። ድምፄን ያውቀዋል» አሉ።