ከሩዙ ሥር

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10 ቀን፣ ከምሳ በኋላ
ከሞተሩ አጠገብ

ይድረስ ለጌታው፣

ይህን ወረቀት ያገኘኸው ከግራው ሻንጣ፣ ከሩዙ ከረጢት ሥር ከሆነ ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ከቤት ከወጣችሁ አምስተኛ ቀናችሁ። ማክሰኞ ማታ ፓስታው ያልቃል፣ ረቡዕ ለምሳ ሩዙን ታነሳላችሁ። እንዲያ እንዲሆን አስቤ ነው የጫንኩት። ቀደም ብለህ አግኝተኸው ከሆነ ደግሞ እንደ ልማድህ አንዲት ካልሲ ፍለጋ ሻንጣውን ሙሉ መሬት ላይ ዘርግፈኸዋል ማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ በእኛ ቤት ግን አንተ ስታፈስ እኔ ስለቅም ነው ዓመታቱ የሄዱት።

ልጃችንን ጉንዳንን ጥራትና አጠገብህ ትቀመጥ። ደብዳቤው ላንተ ነው፣ ግን እሷም እንድትሰማው ጮክ ብለህ አንብበው። የዚህን ቤት ወሬ ሁለታችሁ በየበኩላችሁ፣ በተለያየ በር ስትሰሙ ኖራችኋል። ይሄን እንኳ አብራችሁ ስሙት።

«ካንተ ናፍቆት በስተቀር እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፣ እንደ ድሮ ደብዳቤ። ግማሹ ውሸት ሆነብኝና ሰረዝኩት። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ሥሩን ልንገራችሁ። ዛሬ ረቡዕ ጠዋት በሁለት ሰዓት ቀዶ ጥገና ክፍል ገብቻለሁ። መውጣቴን ይህ ወረቀት አያውቅም።

ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር በቅሏል። ካወቅሁት ሦስት ወሩ። ሐኪሟ ፀጉሯ ውስጥ እስክሪብቶ ሰክታ እስክሪብቶ የምትፈልግ ልጅ ናት፤ ክፉ ይሁን ደግ ከፍተን ካላየን ምንም ማለት አንችልም አለችኝ። እኔም ሸራ ሰፊ ነኝና አልተከራከርኳትም፤ ሳይተረተር ውስጡ የሚታወቅ ስፌት የለም። ብቻ ስትጨርሺ ጠርዙን አጥፈሽ ስፊው አልኳት። እሷ ሳቀች። እኔ የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ከዚያ የቀረ ሥራ ነበረኝና ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

ለምን ደበቅሽን ትሉኛላችሁ። ብነግርህ ትመጣ እንደነበር አውቃለሁ፤ ግን የምትመጣው አዝነህልኝ ነው። ስደውልልህ ሥራህ ላይ፣ የመብራት ምሰሶ ላይ ነበርክ፣ ነፋሱ ይሰማኛል። «ልጅቷ ትምህርት ቤት ሊዘጋላት ነው፤ ያንን ሐይቅ ውሰዳትና አሳያት» ብቻ አልኩህ። አንተም «ሞተሩ ይነሳል?» አልከኝ። ያቺን ጥያቄ ሁለት ዓመት ሙሉ ስጠብቃት ነበር።

ልጅህስ ብታውቅ ከአልጋዬ ሥር ትጠፋለች? ጉንዳን ብለህ ስም ያወጣህላት አንተ ነህ፤ ከራሷ የሚበልጥ ቦርሳ ተሸክማ ስትሄድ አይተህ። ይሄንንም እሸከማለሁ ትል ነበር፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። እኔ ባልኖር ይህች ልጅ የማን ናት? ስልክ በደወልክ ቁጥር «ሰውዬሽ ደወለ» ነው የምትለኝ። አባዬ ማለት ከተወች ሁለት ዓመቷ። ለዚህ ነው አምስት ቀን ሙሉ አንተን አስይዤ የላክኋት፤ ከሞተር ላይ ተኩርፎ አይወረድም። በዚህ መሐል አንዴ እንኳ አባዬ ብላህ ከሆነ የኔ ነገር ምንም ይሁን ምን ልፋቴ ሰምሮልኛል።

ዓርብ ጠዋት ጎረቤታችን መካኒኩ፣ ጋሽ ብሎን፣ መጥተው ነበር። ሞተሩን ሁለት ዓመት ከቆመበት ጥግ አውጥተው ዘይቱን ቀየሩ፣ ካቴናውን አጠበቁ፣ ካንዴላውን ጠረጉ፤ በሦስተኛው ርግጫ ተነሳ። ድምፁን ስሰማ ሮጬ ወደ በሩ ወጣሁ፣ አንተ የመጣህ መስሎኝ፤ ቂል አይደለሁ? ከዚያ የኋላውን ሞላ ለሁለት ሰው ላጥብቀው ብለው ኪሎዬን ጠየቁኝ። የምሄደው እኔ መስያቸው ነው። የጉንዳንን ነገርኳቸው፣ አርባ ስምንት። ከእግር እስከ ራሴ አየት አደረጉኝና «ያንቺው ስልሳ ስድስት ነበር እኮ፣ እህቴ» አሉ። ሸራ የምመዝንበት ሚዛን ላይ ወጣሁ። አርባ ስምንት። እናትና ልጅ እኩል ሆነናል። ጋሽ ብሎን ሌላ ነገር አልጠየቁም፤ ሞላውን አጥብቀው፣ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ።

ጭነቱን እኔው ጨረስኩት። ከባዱን ወደ ታችና ወደ መሐል፣ ቀላሉን ወደ ላይ፤ ኋላው ከከበደ መሪው ይቀላል እያልክ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። በቀኝ ቡታጋዟ፣ ድስቶቹና የውሃው ጀሪካን፤ በግራ መፍቻዎቹ፣ የጎማ መለጠፊያውና የሚበላው። ሁለቱን ሻንጣ በየተራ እየመዘንኩ እስኪስተካከሉ ድረስ ሽንኩርት ከወዲያ ወዲህ ሳመላልስ ረፈደ። ድንኳኑ ከሁሉ በላይ ነው፤ ዝናብ ከያዛችሁ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው። የቀኙ ዚፕ ይነክሳል፣ ሳሙና ቀቡት። ሄልሜቴን ለጉንዳን ሳጸዳ ከስፖንጁ ውስጥ የራሴ ፀጉር ወጣ፣ የዚያን ጊዜው፣ ረጅሙ። ወረወርኩትና ተመልሼ አነሳሁት።

አንድ አዲስ ነገር አይተህ ይሆናል። የመኝታውን ጆንያ እንደገና ሰፋሁት። ድሮ ክብ ነበር፤ አሁን ጠፍጣፋ ነው፣ ከኋላ ይታሰራል እንጂ ወደ ፊት አይንከባለልም። ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ለጉንዳን ልንገራት።

ጉንዳኔ፣ የዛሬ አራት ዓመት አንቺን አክስትሽ ጋ ትተን እኔና አባትሽ ወደዚሁ ሐይቅ ስንሄድ ነው። ሞተር ላይ ነፋሱ ስለማያነጋግር የራሳችን ምልክት ነበረን፤ ሐሙስ ያስተማርኩሽን። ቀኝ ትከሻውን አንዴ መታ ካደረግሽ ቁም ማለት ነው፣ ግራውን ከሆነ ቀስ በል። እሱ ደግሞ ከመነሳቱ በፊት ሳይዞር «አለሽ?» ይላል፣ እኔ መዳፌን ጀርባው ላይ አሳርፋለሁ፤ አለሁ ማለቴ ነው። የሐይቁ መንገድ ላይ የመጨረሻው ነዳጅ ማደያ ቆመን፣ እጄን ልታጠብ ዞር ባልኩበት አባትሽ ሞተሩ ላይ ወጥቶ «አለሽ?» አለ። ክቡ ጆንያ ተንከባለለና ጀርባውን ነካው። እሱም ሄደ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሙሉ ከጆንያው ጋር ስለ ጣሪያው ማፍሰስና ስለ አንቺ ትምህርት ሲጨዋወት ሄደ። ነዳጅ ቀጂው አዘነልኝና «አይዞሽ እህቴ፣ ሰው ዕቃውን ጥሎ አይሄድም» አለኝ። ዕቃውማ አብሮት ሄዷል፣ የተረሳሁት እኔ ነኝ አልኩት። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «ጠይቄሻለሁ እኮ፤ ነካሽኝ እኮ» ይለኛል ደጋግሞ። እኔ አኮረፍኩ፣ ሐይቁንም ሳናየው ተመለስን።

ነገሩ ቀልድ ሆኖ ቢቀር ጥሩ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት እህቴ ቤት፣ ያ ሁሉ እንግዳ ባለበት ገበታ ላይ፣ «ይሄ ሰውዬ ከጆንያም ጋር ይኖራል፣ ልዩነቱ አይገባውም» አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንተ ማንኪያህን አስቀመጥክና በቀስታ «ጆንያ ሰው ፊት አያዋርድም» አልክ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ እኔ ግን ለማሸት እንኳ አልሞከርኩም። በማግስቱ ልብስህን ይዘህ በአውቶቡስ ሄድክ። ጉንዳን የምታውቀው ይሄንን ብቻ ነው።

የማታውቀውን ስሚ፣ ልጄ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አባትሽ መጥቶ በር አንኳኳ። እኔ ስፌት መኪናዬ ላይ ነበርኩ፣ በመስኮቱ አየሁት። ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ለአንቺ ደብተር ይዞ። መርገጫውን ረግጬ መኪናዬን አስጮህኩት። የምሰፋው ነገር አልነበረኝም፤ ቁራጭ ሸራ ላይ ክሩ እስኪያልቅ አስጮህኩት። እሱም አንኳኳ፣ አንኳኳ። ቀና ስል በሩ ላይ ማንም የለም። አንቺ ከትምህርት ቤት መጥተሽ «አባዬ ጥሎን ሄደ አይደል?» ስትዪኝ ዝም አልኩ። ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። አልጣለንም፣ ጉንዳኔ። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሆድ ይፍጀው እያልኩ ኖሬ ሆዴን ፈጀው። ሁለታችሁም ይቅር በሉኝ።

ሐሙስ ምልክቶቹን ሳስተምራት ሁለት በርጩማ አከታትለን ተቀመጥን፣ እኔ ነጂ ሆንኩ፣ እሷ ከኋላዬ። «ለምን በአፌ አለሁ አልለውም?» ብላ ሞገተችኝ። ነፋሱ ይወስደዋል አልኳት። «ሰውዬሽ ካልጠየቀኝስ?» አለች። ይጠይቃል አልኳት። ከዚያ ሳልዞር «አለሽ?» ስላት መዳፏ ጀርባዬ ላይ አረፈ። ያን ሁሉ ዓመት የምነካው እኔ ነበርኩና ለሚነካው ሰው ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ለካ እንደዚያ ይሞቃል። ድስት የጣድኩ መስዬ ተነስቼ ወጣሁ።

ፈርቻለሁ። መፍራቴን ለእህቴ አልነገርኳትም፣ ለሐኪሟም ቀልጄባታለሁ፤ ለአንተ ግን ልንገርህ፣ በጣም ፈርቻለሁ። ነገ ቅዳሜ ጠዋት ስትመጣ ልስቅብህ ነው፣ ሆድህ ገፍቷል ልልህ ነው፣ አንተም ከስተሻል ትለኛለህ፣ እኔም ሥራ ነው እላለሁ። አደራ፣ ከሻንጣው በፊት ፊቴን እንዳታነብብኝ።

አሁን ስሙኝ። ዛሬ ከሐይቁ ዳር እንዳትነሱ። ስልክ የሚሠራው ያ ነዳጅ ማደያ ጋ ስትደርሱ ነው፣ ከሐይቁ የግማሽ ቀን መንገድ፤ መሐል ላይ ይመሽባችኋል። ሩዙን ቀቅላችሁ ብሉ። ጉንዳን እግሯን ውሃው ውስጥ ትንከር፤ እኔ በኩርፊያዬ ያላየሁትን ሐይቅ እሷ ትይልኝ። ሐሙስ ጠዋት የጎማውን ንፋስ አይተህ ትነሳለህ። አትክነፍ። ከኋላህ የተቀመጠው አርባ ስምንት ኪሎ የቀረኝ ሁሉ ነው።

ማደያው ጋ ስትደርሱ ደውሉ። እህቴ ስልኬን ይዛ አጠገቤ ናት። ስታነሳው «አለች?» እንዳትላት። እንደሱ አይጠየቅም። ጆሮዋ ላይ አድርጊልኝ በላትና እንደ ድሮህ «አለሽ?» በለኝ። ከሰማሁህ እመልስልሃለሁ።

ካልመለስኩልህ ስልኩን ዝጋ፣ ሞተሩ ላይ ውጣ፣ መሪህን ያዝና ሳትዞር አንዴ ደግመህ ጠይቅ። ጀርባህን የሚነካህ ነገር ይኖራል። ጆንያው አይደለም፤ እሱን ጠፍጣፋ አድርጌዋለሁ፣ አይደርስብህም። የልጅህ እጅ ነው። ያ እጅ ሳያርፍብህ ከዚያ ማደያ እንዳትነሳ።

ፈጣሪ መንገዱን ያቅናላችሁ፣ ጎማችሁን ከሚስማር፣ ዓይናችሁን ከአቧራ ይጠብቅላችሁ። እንደ ወጣችሁ ሁለት ሆናችሁ ግቡ። የግቢው በር ተንቋቋ፤ ጉንዳን ከትምህርት ቤት መጣች፣ ወረቀቱን አጥፌ ከሩዙ ሥር ላስገባው። ይህን እስክጽፍ ድረስ አለሁ።

ጆንያህ