ስፒከሮቻችንን ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ስላዞሩልን ለኦቦ ነገሳ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ኦቦ ነገሳ
የላይኛው ሰፈር ልማት ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ የንዑስ ኮሚቴዎቹ ሁሉ ሰብሳቢ እና የማይክሮፎኑ ብቸኛ ያዥ
ሱሉልታ

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ ከነመላው ቤተሰብዎ፣ በተለይም ከነጉሮሮዎ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የሱሉልታ ውርጭ የተናጋሪ ሰው ጉሮሮ እንደማይምር ስለማውቅ፣ ዘወትር ሙቅ ሻይ ከአጠገብዎ እንዳይጠፋ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ደኅና ነን።

እኔ ኡርጂ ኩምሳ እባላለሁ። ከዋናው መንገድ ወደ ላይ ሲታጠፉ ከእንጨት መሰንጠቂያው ቀጥሎ ያለችው የሴቶች ፀጉር ቤት የእኔ ናት። ባለቤቴ አማኑ የሚኒባስ ሹፌር ነው። አባቴን ኦቦ ኩምሳን ግን ለክቡርነትዎ ማስተዋወቅ ድፍረት ይሆንብኛል፤ በስብሰባዎ ሁሉ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እርስዎ በተናገሩ ቁጥር ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ሰው ሲያጨበጭብ አብረው የሚያጨበጭቡት ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። በአንድ ወቅት በሕዝብ ፊት «እንደ ኦቦ ኩምሳ ልማት የገባው አዛውንት አላየሁም» ብለው ስላሞገሷቸው ቤተሰባችን እስከ ዛሬ ይኮራል። ያኔ በይሉኝታ ሳንነግርዎ የቀረ አንድ ትንሽ ነገር ቢኖር፣ አባቴ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጆሯቸው እንደማይሰማ ነው።

ስለ ስፒከሮቹ ለማመስገን፣ መጀመሪያ ስፒከሮቹ ለምን ቤታችን እንደገቡ ማስረዳት ይኖርብኛልና ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። እኛም የእርስዎን ሪፖርቶች በትዕግሥት ስናዳምጥ ኖረናል።

አባቴ የሚሰሙት ከቅርብ የመጣ ወፍራም ድምፅ ብቻ ነው። የድሮው ቴሌቪዥናችን ድምፅ ደግሞ ጣሳ ውስጥ የገባ ንብ ይመስል ነበር። ማታ ማታ ድራማ እያየን ስንስቅ አባቴ የእኛን አፍ አይተው ትንሽ ዘግየት ብለው ይስቃሉ። ከዚያም «ምን አለ?» ይላሉ። እኛም ለማስረዳት ስለሚረዝምብን «ምንም አይደል፣ አባባ» እንላለን። አንድ ቀን «ምንም የሚያስቅ ነገር ከሌለማ ለምን ትስቃላችሁ?» አሉኝ። በማግስቱ ፀጉር ቤቴን ዘግቼ ወደ የህያ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄድኩ።

ያለውን ትልቁን ቴሌቪዥን እንዲሰጠኝ ስጠይቀው፣ የህያ «እኅቴ ኡርጂ፣ ግድግዳ መሸፈን ከሆነ የፈለግሽው መጋረጃ ግዢ» አለኝ። ከዚያ አስቀምጦ መከረኝ። ሪሲቨር ቶሎ ያረጃል፣ ስለዚህ ርካሹን ያዢ። ቴሌቪዥኑ መካከለኛ ይሁን፣ ከጀርባው ግን ብዙ መሰኪያ ይኑረው፤ ነገ የሚመጣው ዕቃ የሚሰካበት እንዳይጠፋ። ልብሽን የምትጥይው ስፒከሩና አምፕሊፋየሩ ላይ ነው፤ ቢበላሽ የሚፈታ፣ ቢቀደድ የሚለወጥ ይሁን። እኔም ዕቃ ገዝቼ ሲበላሽ መጣል የሰለቸኝ ሰው ነበርኩና፣ እንዲህ አድርጌ አንድ ጊዜ ሠርቼ ለዓመታት ለመገላገል ወሰንኩ።

አማኑ ከሚኒባሱ በተረፈው ጊዜ ግድግዳውን ፈልፍሎ ሽቦውን በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳለፈ። መደርደሪያውን ሙቀት እንዲወጣ ጀርባውን ክፍት አድርጎ ሠራው። መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል ዕቃው እንዳይቃጠል ስታቢላይዘር አደረግንለት። ከሽቦው ቱቦ ጎን አንድ ባዶ ቱቦም እንዲቀብርልኝ አዘዝኩት።

«ይኼ ለምንድን ነው?» አለ።

«ወደፊት ለሚፈለሰፍ ዕቃ።»

«ምን ዓይነት ዕቃ?»

«ገና አልተፈለሰፈም አልኩህ እኮ!»

አማኑ ግድግዳውን እየፈለፈለ ብቻውን ሲያጉረመርም ዋለ። በመጨረሻ ሁለቱን የእንጨት ስፒከሮች ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ አቆምን፤ የአባቴን ወንበር መሐል አስገባን፤ ድራማው ተከፈተ። በድራማው ውስጥ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ መጣል ጀመረ። አባቴ ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ። «ዝናብ! ገለባው!» እያሉ፣ ነጠላ ጫማቸውን ትተው ወደ ጓሮ ሮጡ። ውጭው ፀሐይ ነበር። ገለባ ከምረው የነበሩትም ድሮ፣ እርሻ ሳይተው ነው። ተመልሰው በሩ ላይ ቆመው ትንሽ ካሰቡ በኋላ ሳቁ፤ ቀጥለው ተዋናዩ አንድ ነገር ሲናገር ከእኛ ቀድመው ሳቁ። አሁን «ምን አለ?» ብሎ የጠየቀው አማኑ ነበር። ያን ጊዜ ወደ ማድ ቤት ገብቼ ያለቀስኩት በሽንኩርት ምክንያት እንደሆነ ለቤተሰቤ ተናግሬያለሁ፤ ክቡርነትዎም ይህንኑ ቢይዙልኝ ደስ ይለኛል።

ይህ ደስታ ብዙም ሳይቆይ ክቡርነትዎ ቤታችንን ጎበኙ። የኮሚቴው ድምፅ ማጉያ ከመጮኽ በቀር መናገር አቁሞ ነበር። ሳሎናችን ውስጥ ቆመው፣ ስፒከሩን እንደ ጥሩ በሬ ጀርባውን መታ መታ እያደረጉ፣ «ኡርጂ፣ ይህን የመሰለ ድምፅ ቤት ውስጥ ታስሮ ምን ይሠራል? ለአንድ ቀን ብቻ ለሕዝብ ይናገር» አሉኝ። ሽማግሌ አስከትለው ስለመጡ እምቢ ለማለት አልቻልኩም፤ ስፒከሮቹ ከነአምፕሊፋየሩ ሄዱ። እንግዲህ ምስጋናዬ ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፣ ያቺ «አንድ ቀን» ይህን ያህል ሰፊ መሆኗን ስላሳዩን እናመሰግናለን። በመስከረም ገብታ የካቲትን አልፋም አላለቀችም ነበር።

ሁለተኛ፣ እኛ ራሳችን ከሰፈር ሳንወጣ ስፒከሮቻችን አገር እንዲያዩ ስላደረጉልን እናመሰግናለን። ቡራዩ ተጋብዘው ሄደዋል፤ ሰበታም የእኅት ኮሚቴ ምሥረታ ላይ ተገኝተዋል። የአንድ ቦይ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ ነበሩ፤ ድንጋዩ ሲጎበኝም ነበሩ፤ የድንጋዩ መቀመጥ መቶኛ ቀን ሲከበርም ነበሩ። ቦዩን ግን እንደ እኛ እነሱም አላዩትም።

ሦስተኛ፣ በሁለቱም ስፒከሮች ጀርባ ላይ በቀይ ቀለም «የኮሚቴው ንብረት» ብለው ስላጻፉልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። እንዳይጠፋብን አስበው እንደሆነ ገብቶናል።

አራተኛ፣ ዕቃዬን ልጠይቅ በመጣሁ ጊዜ «መዝናናት የግል ነው፤ ልማት የጋራ ነው» ብለው ስላስተማሩኝ፤ ይህንንም በራሴ ስፒከር ስለነገሩኝ።

አምስተኛውን ምስጋና ለመጻፍ ብዙ ሞክሬ አቃተኝ። በእነዚያ ወራት አባቴ ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጡ ነበር። መጀመሪያ እንደ ድሮው «ምን አለ?» ማለት ጀመሩ። ቆይተው መጠየቁንም ተዉት። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው መንገዱን ማየት ያዙ። ስለዚህ ይህ ቁጥር ባዶውን ይቆይ።

አንድ እሑድ ጠዋት ከመስኮቱ ዞር ብለው «እነዚያ ሳጥኖች የት ሄዱ?» አሉኝ። ጆሯቸው ሥር ገብቼ «ስብሰባ!» ብዬ ጮኽኩ። አባቴ ካፖርታቸውን ለብሰው ዱላቸውን አነሡ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

ያን ቀን የሆነውን ክቡርነትዎ ከእኔ በላይ ያስታውሱታል፤ እኔ የምጽፈው በቦታው ላልነበሩ አንባቢዎች ስል ነው። አባቴ የፊት ወንበር ላይ አልተቀመጡም። በርጩማ ይዘው ሄደው ስፒከሩን ተደግፈው ቁጭ አሉ። እርስዎ «የላይኛው ሰፈር የውሃ ቧንቧ ሥራ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» ሲሉ አባቴ እጃቸውን አወጡ። እርስዎም ፊትዎ በርቶ «አባታችን ኦቦ ኩምሳ ምስጋና ሊያቀርቡ ነው» ብለው ዕድሉን ሰጡ።

«ነገሳ፣ ልጄ» አሉ አባቴ፣ «ውሃው የት ነው?»

«አባባ፣ ቧንቧው ተጠናቋል ነው ያልኩት።»

«ኤዬ፣ አዎ፣ ሰምቻለሁ። ዛሬ እሰማለሁ። ቧንቧውን አይደለም፣ ውሃውን ነው የምጠይቅህ።»

ሕዝቡ ሳቀ። እርስዎ ዝርዝሩ በሌላ ጊዜ እንደሚቀርብ አስረዱ። አባቴ ግን አልተቀመጡም። ዞር ብለው ሰዉን እያዩ «ለመሆኑ እስከ ዛሬ ምን ሲባል ነው ሳጨበጭብ የኖርኩት?» ብለው ጠየቁ።

የኮሚቴው ጸሐፊ ጂሬኛ፣ ልጁ የዋህ ነውና፣ ቃለ ጉባኤውን ገልጦ በማይክሮፎኑ አነበበላቸው። «አባባ፣ ከጓሮዎ ያለውን ባሕር ዛፍ ለኮሚቴው አዳራሽ ጣውላ እንዲሆን ሰጥተዋል።»

«እኔ? መቼ?»

«ባለፈው። በጭብጨባ።»

አባቴ እጆቻቸውን አንድ ጊዜ በዚህ፣ አንድ ጊዜ በዚያ እያገላበጡ አዩአቸው። ከዚያም ሁለቱንም ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቷቸው። «እንግዲህ እነዚህ ሳይሰሙ አይወጡም» አሉና ተቀመጡ። አጠገባቸው የነበሩት ጎረቤታችን ኦቦ ሊቤም እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ሴቶቹ በነጠላቸው ሥር አጣጠፉ። እርስዎ ንግግርዎን ጨርሰው፣ እንደ ልማድዎ ለጭብጨባው ትንሽ ፋታ ሰጡ። የተሰማው የስፒከሩ ቀጭን ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ምን ያህል ጥራት ያለው ዕቃ እንደገዛሁ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ባሕር ዛፉ እስካሁን ቆሟል፤ ለዚህም እናመሰግናለን። አባቴ ከዚያ በኋላ አንድም ስብሰባ አላመለጣቸውም። እርስዎ ሲናገሩ ይሰማሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ያልገባቸውን ያስደግማሉ። በመጨረሻ ክቡርነትዎ ራስዎ በፈረስ ጋሪ ላይ ስፒከሮቹንና አምፕሊፋየሩን ጭነው ደጃችን ደረሱ። «አባባ ቤታቸው ተቀምጠው ይዝናኑ እንጂ፣ በዚህ ዕድሜያቸው ስለ ውሃ ለምን ይደክማሉ?» አሉኝ። ለአረጋውያን ያለዎት ርኅራኄ ጎረቤቶቼን ሁሉ አስደንቋል።

የአንዱ ስፒከር ወረቀት ተቀድዶ ነበር፤ የህያ ፈትቶ በአዲስ ለወጠው። አምፕሊፋየሩ ውስጥ ከየመሠረት ድንጋዩ የተሰበሰበ አቧራ ስለነበር ጠራርጎ መለሰልን። አሁን ሁሉም በየቦታው ቆሞ እንደ መጀመሪያው ቀን ይሠራል። ክቡርነትዎ የፈተኑት ዕቃ ሌላ ነገር ሊጥለው አይችልምና ለዓመታት እንደሚያገለግለን አሁን ጥርጥር የለኝም።

ስለ አባቴ ግን ላስጠነቅቅዎ ይገባኛል። ድራማቸውን እያዩ ከእኛ ቀድመው ይስቃሉ። እሑድ ጠዋት ሲሆን ግን ሪሞቱን አስቀምጠው ካፖርታቸውን ይለብሳሉ። «አባባ፣ ድራማው አልጥምዎ አለ?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ጥሩ ነው፤ ግን ያን ሰውዬ ጥያቄ መጠየቅ አይቻልም» አሉኝ። ስፒከር በሌለበት ስብሰባ ስለማይሰሙ፣ የሚናገረው ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ጆሯቸው ላይ እንዲደግምላቸው ወስነዋል። የሚናገረው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ እርስዎ ነዎት። በርጩማ ሁለት ይዘው ይመጣሉና ስለ መቀመጫ አይጨነቁ።

የክቡርነትዎን ረጅም ዕድሜ፣ የሪፖርትዎን አጭር ዕድሜ፣ የቧንቧዎንም እርጥበት እየተመኘሁ፣ ከትሕትና ወንበር ዝቅ ብዬ የምሰናበትዎ፣

ሁልጊዜም የምታዳምጥዎ
ኡርጂ ኩምሳ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው አጠገብ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ፀጉር ቤቴ በር ላይ ከመለጠፌ በፊት ባለቤትዎ ወይዘሮ ጣቢታ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጠው ጮክ ብለው ለደንበኞቼ አንብበውልኛል። አንድም ቃል አላስወጡም። ሁለት ክረምት ሙሉ ስለሚያፈሰው የማድ ቤታችሁ ጣሪያ አንድ አንቀጽ እንድጨምርላቸው ግን ለምነውኝ ነበር። እሱ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብዬ እምቢ አልኳቸው፤ እስክሪብቶዬንና ባዶ ወረቀት ግን አውሻቸዋለሁ፤ በመጨረሻ ሳያቸው ሁለተኛውን ገጽ ጀምረው ነበር።