የዳክዬዋ ራዲዮ

ሪያድ፣ ጥር 2010

አጎቴ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። እርስዎም ቤተሰቡም በአላህ ጥበቃ እንዴት ከረማችሁ? የጉልበትዎ ሕመምስ ተሻለዎት ወይ? ያልደወልኩት ስልኩ እናቴ እጅ ስለሆነ ነው፤ ድምፄን ከሰማች ታውቃለች። ይህን ኑርያ ለምትባል ወደ አገር ለምትገባ እህት ሰጥቻታለሁ። ብቻዎን ያንብቡት።

ወንድሜ ጀብሪል ሞቷል። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ፤ ምን ላድርግ።

እኔና እሱ የምንሠራው ለአንድ የወፍ ሐኪም ነበር። ከከተማው በስተደቡብ ካለው ኩሬ የዱር ዳክዬ እንይዛለን። ሐኪሙ ጀርባዋ ላይ የጥፍር ያህል ራዲዮ ይለጥፍና፣ የወፍ በሽታው በየት በየት እንደሚሄድ ራዲዮው የሚልከውን ድምፅ በአንቴና እየያዘ ይከታተላል። የታመመች ወፍ የነካ ቶሎ ይንገረኝ፣ መድኃኒቱ ካልዘገየ ነው የሚሠራው ይል ነበር።

አንድ ቀን ጀብሪል ብቻውን ወርዶ፣ ራዲዮ ያለባት አንዷ ክንፏን ጥላ አገኛት። በክት ሳትሆን ልድረስባት ብሎ አረዳት። እኛ አገር የደከመ ፍየል እንዲያ አይደል የምናደርገው? ሥጋ ካየን ወር አልፎን ነበር። ቢስሚላህ የተባለበት አይገድልም ብሎ ቀቀላት፤ እኔም መረቁን ጠጣሁ። ራዲዮዋን ለሐኪሙ መመለስ ፈርቶ ፍራሹ ሥር ሸጎጣት።

በማግስቱ ከሐኪሙ ጋር መኪና ላይ አንቴናውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ድምፁ ወደ ባዲዓ፣ ወደ ሰፈራችን፣ ወደ በራችን ወሰደን። እዚያ ክፍል ስምንት ነን፤ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያለው አንድም የለም። ሐኪሙ ከገባ ፖሊስ ይከተለዋል ብዬ አንቴናውን አዞርኩት። ሕንፃው ነው የሚያሳስተን አልኩት። ጆሮዬን ስለሚያምን ተመለሰ።

ሦስት ቀን ሳይሞላ ጀብሪልን ትኩሳት ጣለው። ሐኪሙን ልጥራ ስለው፣ የክፍላችን ስድስቱ ልጆች በእኔ ሆድ ይባረሩ ወይ ብሎ አስማለኝ። በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ያጠብኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ባላዞር ኖሮ ይድን ነበር፤ ይህንን ከእርስዎ አልደብቅም።

ስድስቱ ደህና ናቸው፣ ሥራ ይወጣሉ። እኔ ከነሱ ተለይቼ ያላለቀ ሕንፃ ውስጥ ነኝ። ሐኪሙን ፈልጌው ነበር፣ ለወር ከከተማ ወጥቷል አሉኝ። ራዲዮዋን ይዣታለሁ፤ ሲመለስ ቢፈልጋት እኔን ብቻ ያገኛል። ጽሑፌ ቢጣመም አይፍረዱብኝ፣ ላቤ ወረቀቱን እያራሰው ነው።

እባክዎ አጎቴ፣ ሽማግሌዎቹን ይዘው እናቴ ዘንድ አሁን አይሂዱ። እስከ የካቲት መጨረሻ ይታገሱ። ከእኔ ሌላ ወረቀት ከመጣ ለጀብሪል ይሂዱ። ካልመጣ ግን አንድ ጊዜ ይሂዱ፤ ሁለት ጠዋት አያስለቅሷት።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ለእሷም እርስዎን ያቆይላት።

የእህትዎ ታናሹ ልጅ