የበለጡ ዓረፍተ ነገሮች

ሰኞ፣ ኅዳር 2

መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። ማቀዝቀዣው እያቃሰተ ነው። ወንድሜ ከማሉዲን ጫቱን ታቅፎ ገና ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ሱቁን ዘጋ። በዚህ የወደብ ከተማ ከቀትር በኋላ የሚሠራ ሰው ሞኝ ነው ይላል። ሞኟ እንግዲህ እኔ ነኝ። እሱ ፎቅ ላይ ትራሱን ሲደገፍ፣ እኔ ታች ከጨርቅ ጥቅሎች መሃል አምስት ልጆች አስቀምጬ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ድሬዳዋ ሃያ ዓመት ያስተማረ አፍ ዝም በል ቢሉት አይሰማም፤ ምን ላድርገው!

ዛሬ ፈትያ ጠየቀች። "ቲቸር፣ ይሄ ጌት የሚባለው ነገር ግን ምንድነው? ባለፈው ማግኘት ነው አሉን። ዛሬ ደግሞ መድረስ ሆነ።" እውነቷን ነው። ማግኘት ነው፣ መድረስ ነው፣ መሆን ነው። መግዛት፣ መረዳት፣ መነሳት፣ መሳፈር፣ መውረድ... አሮጌው መዝገበ ቃላቴ ለእሱ ብቻ ሁለት ገጽ ተኩል ሰጥቶታል። "ደላላ ነው በሉኛ! የማይገባበት የለም" አለች። ሳቅ በሳቅ ሆንን። ያልሳቀችው በለጡ ብቻ ነች።

የቤት ሥራ ሰጠሁ። እንደ ልማዴ፣ ከመጽሐፍ መገልበጥ የለም። እያንዳንዷ ለራሷ ኑሮ የሚያስፈልጋትን ዓረፍተ ነገር በዚህ ቃል ሠርታ ትምጣ።

ሁሉም የሚያድሩት ከከተማው ዳር፣ ባልባላ ነው። ሁሉም ጀልባ ይጠብቃሉ። የመን፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ እንደ ዕድላቸው። መቼ እንደሚሄዱ አልጠይቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠይቄ አላውቅም። አንድ ቀን ወንበሩ ባዶ ይሆናል፣ በሳምንቱ ሌላዋ ትቀመጥበታለች። ብጠይቅማ አልችለውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ዓረፍተ ነገሮቹ መጡ።

ፈትያ "አይ ዎንት ቱ ጌት ማሪድ" አለች፣ ማግባት እፈልጋለሁ። ከፎቅ ከማሉዲን "ማንን?" ብሎ ጮኸ። ተኝቷል ስንል! ሀጀራ ደግሞ "አይ ዎንት ቱ ጌት ኦፍ" ብላ መጣች፣ ከሚኒባስ መውረጃ። "እዚህ አገር ማን በእንግሊዝኛ ይወርዳል? ሹፌሩ የሚሰማው ሶማልኛ ነው" አልኳት። "ዱባይ ስገባ ነዋ!"

ከዚያ በለጡ ተነሳች። አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ከወሎ፣ ከሐይቅ አካባቢ ነው የመጣችው። ድምጿ ከጉሮሮዋ አያልፍም። "አይ ዲድ ኖት ጌት ኤኒ ኒውስ ፍሮም ማይ ሲስተር።" ከእህቴ ምንም ወሬ አላገኘሁም። ንጹሕ ዓረፍተ ነገር። ምኑን ላርመው? ጎበዝ አልኩና ወደ ቀጣይዋ አለፍኩ።

ሌሎቹ ሲወጡ ቀረች። ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ታላቅ እህቷ ሻሼ ሚያዝያ ላይ ተሻገረች። ሰባት ወር ሆነ፣ አንድም ቀን አልደወለችም። እናታቸው ይህን አታውቅም። "ደውላ ነበር፣ ደህና ነች፣ ሥራ ይዛለች" እያለች የምትዋሻት በለጡ ነች። አሁን ልትፈልጋት ልትሻገር ነው።

ያ አላህ። ይህቺ እንኳን ባትሄድ ምናለ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ወዳጄ ውዳድ ጋ ሄድኩ። ከምኒልክ አደባባይ ጀርባ ያለችው ትንሽዬ ፔንሲዮን የእሷ ነች። እንግዳ የምትቀበል፣ እንግሊዝኛ የምትሞካክር ልጅ ትፈልጋለች፤ ማደሪያም አለው። ለበለጡ ነገርኳት። "አስባለሁ ቲቸር" አለችኝ። አስተያየቷ ግን አስቦ የጨረሰ ሰው አስተያየት ነው።

ምን ነክቶኝ ነው በዚች ልጅ? ስንቷን ሸኝቼ...

እሁድ፣ ኅዳር 8

ዛሬ ደስ ብሎኛል። ቁጥር ተማርን። በለጡ "የእርስዎን ስልክ ቁጥር በእንግሊዝኛ ልለማመድበት?" አለችኝ። ወረቀት ላይ ጻፍኩላት። "ዳብል ሰቨን..." ብላ ጀምራ እስከ መጨረሻው አወረደችው። ወረቀቱን ገልብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ደገመችው። አስር ጊዜ። አንዲት ቁጥር አልሳተችም። አጨበጨብንላት። "ይኸው፣ ተማሪ ማለት እንዲህ ነው!" አልኩ። ወረቀቱን መለሰችልኝ። "ይያዙት ቲቸር፣ በቃሌ ነው።"

ነገ ለውዳድ እነግራታለሁ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ከየት ታገኛለች?

ሰኞ፣ ኅዳር 9

እኔ ደደብ! እኔ ደንቆሮ!

ምሳ ላይ ለከማሉዲን እየተኩራራሁ አወራሁት። እጁ ከሳህኑ ላይ ቀረ። "ቁጥርሽን በቃሏ ያዘች?"

"አዎ፣ አንዲት ሳትስት።"

"አቦ አንቺ ሴትዮ ጤና የለሽም? ልጅቷ መሄዷ ነው እኮ!"

ይሄ እዚህ ከተማ ማን የማያውቀው ነገር ነው? የሚሻገሩት ልጆች ስልካቸው ይነጠቃል። ወረቀት ባሕር ላይ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከመሳፈራቸው በፊት የአንድ ሰው ቁጥር በቃላቸው ይይዛሉ። እኔስ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ? ልጅቷ ዓይኔ ሥር ስንቅ ስትቋጥር እኔ አጨበጨብኩላት!

ልጆቹን በትኜ ከፈትያ ጋር በሚኒባስ ባልባላ ወጣሁ። ቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ክፍል፣ አስራ አንድ ሴቶች። በለጡ በላስቲክ ጠርሙስ ውሃ እየሞላች ነበር። አልደነገጠችም። "ሐሙስ ነው ቲቸር። ጀልባው የሚነሳው ከኦቦክ ነው።"

ጮህኩባት። ወላሂ ጮህኩባት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እህትሽ የገባችበት ጉድጓድ ካልገባሁ ነው የምትይው? የት አገኛታለሁ ብለሽ ነው? ለምንስ የእኔን ቁጥር? እናት የለሽም?

"እናቴ ስልክ የላትም። ጎረቤት ነው የሚያገናኘን።"

"አጋቾች ያዙኝ፣ ክፈሉልኝ ለማለት ከሆነ..."

"ኧረ በማርያም! ለገንዘብ አይደለም።" የጠርሙሱን ክዳን አጠበቀች። "አንድ ነገር ብሆን ለእናቴ ቀስ ብሎ የሚነግራት ሰው ፈልጌ ነው። ያንን ጌት የሚሉትን ስድስት ጊዜ ጠየቅንዎት፣ ስድስት ጊዜ አስረዱን። አንዴም አልተቆጡም።"

እዚያው ሴቶቹ ፊት አለቀስኩ። ይቺ ልጅ ከእኔ ትምህርት የወሰደችው ይሄን ነው? እኔ ቃል የማስተምር መስሎኝ...

በስንት ልመና ተስማማን። ጃቢር የሚባል የከማሉዲን ወዳጅ አለ፣ ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ፣ ይሄን ሰሞን የመን ውስጥ ኤደን ነው። ስለ ሻሼ ያጠያይቅልን። እስከዚያ አትሳፈሪ።

"እስከ መቼ?"

"እስከ እሁድ።"

"እሁድ ምንም ካልተሰማ እሄዳለሁ። አይከለክሉኝም?"

አልከለክልሽም አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

የሻሼን ፎቶ ለጃቢር በዋትሳፕ ላክንለት። ሳቂታ ነች፣ የፊት ጥርሷ ፍንጭት። ቁርጥ በለጡን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሌሎቹ ሄዱ። ሀጀራም ሄደች። ልትሰናበተኝ ስትመጣ "የማንን ቁጥር ነው የያዝሽው?" አልኳት። ደነገጠች። በዘጠኝ ዓመት እንዲህ ብዬ ጠይቄ አላውቅማ። "የአጎቴን፣ ድሬዳዋ።" ጻፍኩት። ስሙንም ጻፍኩ። አቅፌ ሳምኳት።

በለጡ ቃሏን ጠበቀች። ውዳድ ጋ አደረች። ከጃቢር ወሬ የለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ጃቢር ደወለ።

አጠያይቆ አጠያይቆ አንዲት የወሎ ሴት አግኝቷል፣ ሰው ቤት የምትሠራ። ከሻሼ ጋር በአንድ ጀልባ ነበሩ። ዳርቻው እየታያቸው ጀልባው ተገለበጠ። ሻሼን ከውሃ ጎትተው ያወጧት እሷና አንድ ልጅ ናቸው። አልተረፈችም። ሴትየዋ የሻሼን እናት ስም፣ የሰፈሯን ስም፣ በለጡ የምትባል ታናሽ እንዳለቻት፣ ሁሉን ተናገረች። ፎቶውን ስታይ ጮኸች አለ። የቀበሯት እዚያው ዳርቻው ላይ ነው። ሚያዝያ ላይ!

ይሄን ሁሉ ወር ደህና ነች፣ ሥራ ይዛለች...

ከማሉዲን ዛሬ አልቃመም። አጠገቤ ተቀምጦ ሻይ ቀዳልኝ፣ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ፣ ሌላ ቀዳልኝ።

እሁድ፣ ኅዳር 15

ነገርኳት። በማለዳ፣ እንደ አገራችን ወግ፣ ብቻዋን እንዳትሆን ውዳድንና ፈትያን ይዤ። ስንገባ ገና ፊቷን አልታጠበችም። እኔን አየች። እነሱን አየች። በሩን አየች። "ቀስ ብለው ቲቸር" አለችኝ።

ቀስ ብዬ ነገርኳት። ቀስ ማለት ምንም አይጠቅምም። ልጅቷ ወለሉ ላይ ስትንፈራገጥ ለሦስት ያዝናት።

ከቀትር በኋላ ድምጿ ተመለሰ። "ለእናቴ ደህና ነች ያልኳት እኔ ነኝ። አሁን ምን ብዬ ነው የምነግራት?" አንቺ ብቻሽን አትነግሪያትም አልኳት። ከአፌ የወጣው ይሄው ነው። ከወጣ በኋላ ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ሁለት አዲስ ልጆች መጡ። ትምህርት ቀጠልን። ፈትያ መዝገበ ቃላቱን ስታገላብጥ "ጌት ኦቨር" የሚል አገኘች። ከሕመም መዳን፣ ሐዘንን ማለፍ ማለት ነው አልኩ። ዓረፍተ ነገር ግን አላዘዝኩም። በለጡ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ነበር፣ ቤት ብቻዬን ከምሆን ብላ። ደብተሯ ላይ ገለበጠችው።

አዲሶቹን ጠየቅኳቸው። ወዴት ነው? መቼ ነው? ማን ይጠብቃችኋል? አንደኛዋ "ፖሊስ ነዎት እንዴ?" አለችኝ። ፈትያ "ቲቸር ናት፣ ዝም ብለሽ መልሺ!" ብላ ገሠጸችልኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

በጎረቤታቸው በጫላቸው ስልክ ለእናትየዋ ደወልን። መርዶ በስልክ አይነገርም። በለጡ ትመጣለች ለማለት ብቻ ነው።

እልል አለች። ከስልኩ ውስጥ ሱቁ እስኪሞላ። "ተውሽው? ባሕሩን ተውሽው? እሰይ ልጄ! እሰይ!" ከዚያ እኔን አገናኙኝ አለች። "አስተማሪዋ አንቺ ነሽ? እግዜር ዕድሜ ይስጥሽ። ያቺ ሻሼ ስትደውልም ምከሪልኝ እባክሽ። ገንዘቡ ይቅርብን፣ ትምጣ በያት።"

በለጡ አፏን በሁለት እጇ አፈነች።

"መጥቼ እናወራለን እማማ" አልኩ።

"ልትመጪ? ውይ በሞትኩት! ምን ላሰናዳልሽ?"

ምንም አያሰናዱ አልኳት። ምንም።

ለጫላቸው ለብቻው ነገርኩት። "እኔ ዘመድ አዝማዱን አሰባስባለሁ። እናንተ ማታ ግቡ፣ በማግስቱ ሲነጋጋ እንመጣለን" አለ።

ከማሉዲን "አንቺ ምን አገባሽ? ተረጋግተሽ ኖረሽ ኖረሽ..." ብሎ አጉረመረመ። ከዚያ ራሱ ናጋድ ጣቢያ ድረስ ሄዶ የሁለት ሰው የባቡር ቲኬት ቆርጦ መጣ።

ሰኞ፣ ኅዳር 23

ነገ ጠዋት እንሄዳለን። ባቡር እስከ አዳማ፣ ከዚያ በመኪና። ፈትያ እኔ እስክመለስ አዲሶቹን ልታስተምር ነው። እሷም ሳትሄድ እንደምትቆየኝ ማለች። እስክመለስ ብቻ ነው የማለችው፤ ለእሱም አልሐምዱሊላህ።

ሻንጣውን አብረን አዘጋጀን። ጥቁሩን ልብሳችንን ከሁሉም በታች አደረግኩት፣ ድንገት ቢከፈት እንዳይታይ። በለጡ ከሱቁ ጨርቅ ከማሉዲን የሰጣትን ቢጫ ቀሚስ አወጣች። እንዴት በዚህ ልብሽ ቢጫ ትለብሻለሽ ልላት ነበር።

"እናቴ ከሩቅ ስታየኝ ደስ ይበላት ቲቸር" አለች። "አንዲት ሌሊት እንኳን ትደሰት።"

ቀሚሱ ተጨማዶ ነበር። ተኮስኩላት።