ዲላ አይበርድም

ዲላ፣ ጥር 1961 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ የአልጋ ጎረቤቴ፣

ከተለየሁሽ ወዲህ እንደምን ሰንብተሻል? እንቅልፍሽስ እንዴት ነው? እህል ወደ አፍሽ ይገባል ወይ? ይህን የምጠይቅሽ ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር አይደለም፤ መልስ ስለምፈልግ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብለሽ እንዳታልፊኝ። ባለፈው ደብዳቤሽ በዚያች በግማሽ ገጽ ላይ ደህና ነኝን ደጋግመሽ ጽፈሻል፤ ደህና የሆነ ሰው ደግሞ ይህን ያህል አይደጋግምም። እኔ ስለ ራሴ እውነቱን ልንገርሽ። ገና ደህና አይደለሁም፤ ግን ከመጣሁበት ቀን በጣም እሻላለሁ። ሌሊት እተኛለሁ። ትናንትና ደግሞ በእውነተኛ ረኀብ ራበኝና ደስ ከማለቱ የተነሣ እናቴን ከጓሮ ጠርቼ ነገርኳት።

ሹራብሽን የአውቶቡስ ሾፌሩ ይርጉ አድርሶልኛል። ያንን ሰማያዊውን፣ እናትሽ ነፍሷን ይማርና በእጇ የሠራችልሽን፣ ለልብስ አጣቢዋ እንኳ አምነሽ የማትሰጪውን። «ዲላ እንዳይበርድሽ» ብለሽ ጽፈሻል። ሳነበው ሳቅሁ። ዲላ መቼ በርዶ ያውቃል? እዚህ ጥር ማለት ቡናው ተሰጥቶ እስኪንኮሻኮሽ የሚደርቅበት ፀሐይ ነው። ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ሰቀልኩት። ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ እዚህ የሆነውን ስሚኝ።

አባቴ ከተማሪዎች ማደሪያችን መጥቶ ሲወስደኝ ምን እንደምመስል ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ስተኛ ከምግብ አዳራሽ ዳቦ በዚሁ ሹራብ ውስጥ ደብቀሽ ታመጪልኝ ነበር። በመጨረሻም እጄን ይዘሽ፣ እየተሳደብሽም፣ ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ ጎተትሽኝ። ሲስተር ይመኙሻል ምንም ሳትደነግጥ ይህ በሽታ ነው፣ ሐኪም አለው ስትለኝ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። ከዚያ በፊት ስንፍና ነው ብዬ ነበር የማምነው። ሮብ ሮብ የሚመጣውን ሐኪም ሁለቴ አገኘሁት። ሦስተኛው ሮብ ሳይደርስ አባቴ መጣ።

አባቴ፣ እንደምታውቂው፣ በአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። ለማንኛውም ነገር አስቀድሞ ቃል የሚያዘጋጅ ሰው ነው። አውቶቡሱ ሞጆን ሳያልፍ ቃሉ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ወባ ነው እንላለን አለኝ። የአእምሮ ነገር ነው ከተባለ እኔን ብቻ ሳይሆን ታናናሽ እህቶቼንም ለትዳር ዞሮ የሚያይ እንደማይኖር፣ ወባ ግን የማንንም ቤት ስም አጥፍታ እንደማታውቅ አስረዳኝ። እሺ አልኩት። ያን ጊዜ ዝሆን ረገጣት እንላለን ቢለኝም እሺ እል ነበር።

የእኛን ከተማ ጥየቃ አታውቂውም። እዚህ ሰው ታመመ ከተባለ በሩ አይዘጋም፤ ለመጠየቅ ያልመጣ ሰው እስከ ፋሲካ ሲታማ ይኖራል። እናቴ በመስኮት ሰው ሲመጣ ስታይ «ተንቀጥቀጪ» ትለኛለች፤ እኔም ጋቢ ተከናንቤ እንቀጠቀጣለሁ። ድሬሰሩ ታረቀኝ የወባ ኪኒን ይዞ መጣና ከፊቴ ቆሞ አስዋጠኝ። ለእናቴ ክብር ስል ጆሮዬ እስኪጮህ ድረስ ዋጥኩ። ቡና ነጋዴው ጓንጉል ደግሞ ወንበሩን ወደ አልጋዬ ስቦ፣ እኔ ቆላ ለቆላ ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ወባ አዲስ አበባ መቼ ወጣች? ብሎ አፋጠጠን። እናቴ ምንም ሳትደናቀፍ ለትምህርት ብለው አዋሽ ወስደዋቸው ነው አለችው። የአዋሽ ሐብሐብ እንዴት ነው አለኝ። አዋሽን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ጣፋጭ ነው አልኩት፣ እየተንቀጠቀጥኩ።

ሳቂ፤ ሲያስቅ ነው። ያን ጊዜ ግን እኔ አልሳቅሁም። ያ ሁሉ ሰው «እግዜር ይማርሽ» እያለ ይሄዳል፤ ምርቃቱ ሁሉ ግን ወባ ለያዛት ለዚያች ለሌላዋ ልጅ ነው። እኔን የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። በቤቱ ሁሉ ሰው መካከል ማንም ሳይጠይቀኝ ነበር የምታመመው፤ ንዴቴም የጀመረው እዚያ ነው። ሐኪሙ ንዴት አንዳንዴ የመዳን ምልክት ነው ብሎኝ ነበር፤ እንዲያ ከሆነ በፍጥነት ድኛለሁ።

ነገሩ የፈነዳው በእናቴ የማኅበር ቀን ነው። ቤቱ በሴቶች ጢም ብሏል። አባቴ ገባና ቆሞ፣ ልጃችን ድናለች፣ የአዲስ አበባ አየር ግን ስላልተስማማት ከእንግዲህ እዚሁ ትቀመጣለች፣ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት የታይፕ ሥራ ተገኝቶላታል ብሎ አስታወቀ። እኔም የሰማሁት ያኔ ከእንግዶቹ ጋር ነው። የጓንጉል ሚስት ወይዘሮ ካሳነሽ፣ የእድሩን ሴቶች በሙሉ በዓይኗ የምታዝዘው፣ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ብድግ አልኩ።

«ወባ አልነበረም» አልኩ። «የታመምኩት አእምሮዬን ነው። ሐኪም አለኝ። ወደ እሱም ወደ ትምህርቴም እመለሳለሁ።»

እልልታው እዚያው ቀረ። ወይዘሮ ካሳነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ከዚያ በኋላ ያ የማይዘጋ በር ክፍቱን ዋለ፤ የሚገባበት ግን ጠፋ። እናቴ ቤቴን ዘጋሽው ብላ አለቀሰች። አባቴ አልጮኸም። ወደ አውቶቡስ ተራ ሄደና ያለ እኔ ፈቃድ እንዳይጭኗት አለ። ይርጉ የክርስትና ልጁ ስለሆነ ቃሉን አይጥስም፤ ደብዳቤ ግን ሰው አይደለምና ያደርስልኛል።

በሳምንቱ በሩን አልፋ የገባችው ሙሉካ ናት። ከአጥራችን ማዶ በእንሰቷና በቡናዋ መካከል የምትኖር፣ ሚስዮን ጸሎት ቤት የምትሄድ ጎረቤታችን ናት። ከዚያ በፊት የምትመጣው በጓሮ በኩል ነበር፣ ለእናቴ ቆጮ አቀብላ ለመመለስ። ያን ቀን በፊት በር ገባችና ተቀመጪ ሳትባል ተቀመጠች። አማርኛዋ ሴትና ወንድ ብዙም አይለይም።

«እግዜር ይማርህ፣ ልጄ» አለችኝ። «ወባ ሲሉ ዝም አልኩ። አሁን በሽታህን በስሙ ጠራህ፣ ሰማሁ፣ ልጠይቅ መጣሁ።»

ቀጥላም መንግሥት ደራሳ እያለ እንደሚጽፋቸው፣ እነሱ ግን ጌዴኦ እንደሆኑ፣ በዚያ በማይሆን ስም የሚጠራትን ሰው ዞር ብላ እንደማታየው ነገረችኝ። ይህን ስትል አባቴ ከሥራ ገብቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እንዲያ እያለ ሲጽፍ የኖረው እሱ ነውና ባርኔጣውን አውልቆ መሬት መሬት አየ።

ከእሷ በኋላ ሰው አንድ በአንድ መምጣት ጀመረ፣ ሰዓቱን እየመረጠ። ታረቀኝ መጥቶ የቀረውን ኪኒን ተቀበለኝና ወባ ሳይኖርብሽ እንዴት ዝም ብለሽ ትውጪያለሽ ብሎ ተቆጣኝ። ወይዘሮ ካሳነሽ በጓሮ በር ገባች፣ አዎ፣ ያቺው ካሳነሽ። ብዙ ስለ በርበሬ መወደድ ካወራች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ያ ሐኪምሽ ተማሪ ብቻ ነው የሚያየው ወይስ ያገባች ሴትም ያያል? አለችኝ። እኔ እንጃ አልኳት፣ አብረን እንጠይቀዋለን። ስለ አባቴ ደግሞ የነገረችኝ እናቴ ናት። በመሥሪያ ቤቱ አንዱ ልጅህ ከወባው ተሻላት ወይ? ሲለው፣ ወባ አይደለም ብሎ መልሶ መጻፉን ቀጠለ አሉ። ለእኔ ግን እስከ ዛሬ ምንም አልተነፈሰም፣ የአውቶቡሱንም ትእዛዝ አላነሣም።

እኔም ልቡን ቀስ ብዬ ላሸንፈው፣ ለሁለተኛው መንፈቅ በእሱ ምርቃት ልመለስ አስቤ እየጠበቅሁ ነበር። ዛሬ ጠዋት መጠበቁ ቀረ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ዛሬ ሙሉካ መጥታ ስለ እህቷ አጫወተችኝ። ሳቂታ፣ ዘፈን የምትወድ እህት ነበረቻት፤ አንድ ክረምት ዝም አለች። ቤተሰቡ ለጎረቤት ሆዷን ነው አለ፤ የሆድ መድኃኒት አጠጧት። ከዚያ አንድ ቀን ተነሥታ ጨሌዋን ለአንዷ ጓደኛዋ ሰጠች፣ ማሰሮዋን ለሌላዋ፣ ቡሉኮዋን ለሙሉካ። ደግ ሆነች፣ ተሻላት ብለው ሁሉም መረቋት። በማግስቱ የለገዳራ ወንዝ ሞልቶ ነበር፤ እሷም ከዚያ አልተመለሰችም። ሙሉካ ያንን ቡሉኮ እስከ ዛሬ አንድም ቀን ለብሳው አታውቅም።

እኔ ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን ሹራብ አየሁ።

እህቴ፣ አዲስ አበባ በጥር ሌሊት ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ዲላ እንደማይበርድ ታውቂያለሽ፤ ስንት ጊዜ በሙቀቱ ተኩራርቼብሻለሁ። ጉንፋን ይዞኝ ነው ክፍል የማልገባው ብለሽ ጽፈሻል፤ መጽሐፍ እንዳስጠላሽ፣ ጠጉር መሠራት እንደተውሽም። ጉንፋንሽን አወቅኋት፤ የእኔዋ ወባ እህት ናት። ጉንፋን ሰውን መጽሐፍ አያስጠላም፣ ጠጉር መሠራት አያስተውም፣ ከእናት የተረፈችውን አንዲት ሹራብም አውልቀሽ ላኪ አይልም። ስጦታሽን አልተቀበልኩም። አልመርቅሽም፣ አላመሰግንሽም፣ ደግ ሆንሽም አልልሽም። ሹራቡን ለብሼው እመጣና በእጄ ከላይሽ አደርግልሻለሁ።

ነገ ጎሕ ሲቀድ የጓንጉል መኪና ከከተማው ውጭ ዱመርሶ ላይ ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይነሣል። ወይዘሮ ካሳነሽ ጋቢና ውስጥ ከጎኗ ቦታ ይዛልኛለች። ለሰው ጨጓራዬን ልታከም ነው የምሄደው ብላለች፤ ይሁን፣ እሷም ቀስ በቀስ ትማራለች። አባቴ አያውቅም፤ ከመሄዴ በፊት ግን በራሴ አፍ እነግረዋለሁ፣ ከቤቴ እንደ ሌባ አልወጣም። የከለከለኝ እንደሆነም በእግሬ ዱመርሶ ድረስ እሄዳለሁ። እናቴ በሶ እየቋጠረችልኝ ነው። ለጎረቤት ምን እላለሁ? አለችኝ። እውነቱን ንገሪያቸው፣ ተንቀጥቀጪ ከማለት ይቀላል አልኳት። እያለቀሰች ሳቀች።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ይርጉ በአውቶቡሱ ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል። ደብዳቤውን ለዘበኛ እንዳይሰጥ፣ አንቺን አስጠርቶ ፊትሽን ሳያይ ከደጁ እንዳይነቃነቅ አስምዬዋለሁ። አንብበሽ እንደጨረስሽ ወደ ሲስተር ይመኙሻል ሂጂ። ምንም መናገር የለብሽም፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጪ፣ እኔም እዚያ ተቀምጬ ነበር። ለእሷም በሌላ ፖስታ ስለ አንቺ ጽፌላታለሁ፤ ካልመጣሽላት እሷ ትመጣለች። ያን ሌሊት ብቻሽን አያሳድሩሽም። አዎ፣ ምስጢርሽን ሳላስፈቅድሽ አወጣሁት። ተቆጪኝ። ቁጣሽን ግን እስክደርስ አቆይልኝ፤ ፊት ለፊት ቆሜ፣ እስኪወጣልሽ ድረስ ስትሰድቢኝ መስማት እፈልጋለሁ።

አንድ ጊዜ እጄን ይዘሽ ስትጎትቺኝ አልሄድም ብዬሽ ነበር። አልሰማሽኝም። እኔም አልሰማሽም።

የእናትሽ ምርቃት አይለይሽ። ሙሉካ በራሷ ቋንቋ ስትጸልይልሽ ሰምቻለሁ፤ እንዳትሳሳት ስምሽን በትክክል ነግሬያታለሁ። እኔ እስክደርስ ድረስ እግዚአብሔር እጅሽን አጥብቆ ይያዝልኝ፤ ስደርስ እኔ እቀበለዋለሁ።

የማትለቅሽ
የአልጋ ጎረቤትሽ