ስሙ እስኪያልቅ

ሚያዝያ 22 ቀን 2004

ተማሪዎቼ ላይ ስጮህ ውዬ ስገባ አባዬ ኖታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ጠበቀኝ። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ለሞቱት የጦር ሠራዊት ባንድ ጓደኞቹ የደረሰው ዜማ ነው፤ በገዛ እጁ፣ በቀለም የጻፈው። ጦሩ ከተበተነ ወዲህ የተረፉት በየዓመቱ ግንቦት ላይ ተክለ ሃይማኖት አንድ አዳራሽ ውስጥ ይገናኛሉ። ዜማው ግን አንድም ቀን ተነፍቶ አያውቅም። ማን ይንፋው? ጥርስ የለ፣ ትንፋሽ የለ...

ዘንድሮ የገመቺስ ባንድ ሊጫወትለት ነው። ወጣቶች ናቸው። ገመቺስ ግን ምን ይለኛል? “እህቴ፣ ልጆቹ የእጅ ጽሑፍ አያነቡም። በኮምፒውተር ይሁን።” የአባዬ እጅ እኮ ከማተሚያ ይበልጣል! አይ የዘንድሮ ልጅ።

ሐኪሙ ስለ ሳምባው ያለኝን ለአባዬ አልነገርኩትም። ለግንቦት 19ኙ መታሰቢያ ብቻ ያድርስልኝ። ሌላ አልለምንም።

ሚያዝያ 25

ይሄ የኖታ ሶፍትዌር ሊያሳብደኝ ነው። አንዱን ሳስተካክል ሦስቱን ያበላሻል። የትሮምቦኑን መስመር ሳሰፋ የከበሮው ከገጹ ወጥቶ ይሄዳል። ልጨርስ ስል መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ሴቭ? ምን ሴቭ አለ... የሁለት ቀን ሥራ ድራሹ ጠፋ። አለቀስኩ። አዎ፣ ትልቅ ሴትዮ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አባዬ ሳቀብኝ። “እኔ በሻማ ነው የጻፍኩት።” ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። አልቆም አለው።

ሚያዝያ 29

መሃሉ ላይ ደረስን። እዚህ ጋ ባንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንዲት አጭር ዜማ ይደጋግማል፤ የድሮ ከበሮ መቺያቸው ጋሽ አስፋው ተነሥተው የሞቱትን ስም ይጠራሉ። በየስሙ አንድ ዙር። ስሙ ሲያልቅ ትራምፔቱም ትሮምቦኑም ባንዴ ይጮኻል።

“ስንት ጊዜ ይደገም?” አልኩት።

“ስሙ እስኪያልቅ።”

“አባዬ፣ ይሄ ኮምፒውተር ቁጥር ነው የሚፈልገው።”

“ምን አገባው? የሚነፋው ሰው አይደል?”

እውነቱን ነው። ግን ቁጥር ካልሰጠሁት አንዴ ብቻ ብሎ ያልፈዋል። ዘንድሮ ስንት ስም ነው? በጣቱ ቆጠረ። አሥራ ሁለት። “12 ጊዜ” ብዬ ሞላሁ፤ ከላዩ ደግሞ በአማርኛ “ስሙ እስኪያልቅ” ብዬ ጻፍኩበት። ያን ጊዜ ደስ አለው።

በላፕቶፑ ድምፅ ላሰማው ብል ፊቱን አጨማደደ። “ይሄ የበር ደወል ነው። ተይው፣ ሰው ሲነፋው እሰማዋለሁ።”

ግንቦት 1

ልደታ ናት ዛሬ። የኮንዶሚኒየሙ ሰው ንፍሮና ዳቦ ይዞ ግቢ ወጥቷል። አባዬ ከአልጋው አልወረደም። መስኮቱን ክፈቺልኝ አለ፣ የልጆቹን ጫጫታ ሊሰማ።

ግንቦት 8

ላሳትም ከሕንፃው ሥር ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ወረድኩ። ፊደሉ ሁሉ ካሬ ሆኖ ወጣ! የአባዬ ስም ካሬ። “ስሙ እስኪያልቅ” ካሬ በካሬ። “ፎንቱ እኛ ጋ የለም” አለችኝ ልጅቷ፣ ማስቲካዋን እያኘከች። ገመቺስ ታክሲ አስቁሞ “እህቴ፣ ልምምድ ረፈደብን” ይላል። ስልኬ ጮኸ። ጎረቤቴ ተናኘወርቅ ናት። “አባባ ትንፋሽ አጥሯቸዋል፣ ቶሎ ነይ!”

ምን ላድርግ? ካሬውን ሁሉ አጠፋሁት። ቁጥሩ አለ አይደል? ይበቃል ብዬ። አሳትሜ ለገመቺስ ሰጠሁትና ደረጃውን ሮጥኩ።

ግንቦት 11

አባዬ አረፈ። ጠዋት፣ እጄን እንደያዘ።

ምናለ ትንሽ ቢቆይ... ስምንት ቀን እኮ ነው የቀረው! ስምንት ቀን ከሰማይ ምን ያጎድላል?

ግንቦት 12

ቀበርነው።

ግንቦት 19

ባልሄድ ይሻለኝ ነበር።

ጥቁሬን ለብሼ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ባንዱ ጥሩ ነፋ፤ አልዋሽም፣ ያምር ነበር። አባዬ ይሄን ሳይሰማ... ከዚያ ጋሽ አስፋው ወረቀታቸውን ይዘው ተነሡ። አንድ ስም፣ አንድ ዙር። እንባዬን እየጠረግኩ የአባዬን ስም እጠብቃለሁ። መጨረሻ ላይ ነዋ የሚጠራው፣ አዲስ ሟች ነዋ...

ያን ጊዜ ክው አልኩ። አሥራ ሦስት ሆነዋል።

ልነሣ? ልጩህ? አሥራ ሁለተኛው ተጠራ። ጋሽ አስፋው ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ አፋቸውን ከፈቱ። ትራምፔቱም ትሮምቦኑም ባንዴ ጮኸ። አዳራሹ ተናጋ፣ ልክ አባዬ እንደፈለገው። የጋሽ አስፋው አፍ ሲንቀሳቀስ አየሁ። የአባዬን ስም ማንም አልሰማም።

ከዚያ ተጨበጨበ።

ልጆቹን ምን እላለሁ? የተጻፈላቸውን ነው የነፉት። የጻፍኩት እኔ።

ግንቦት 22

ጋሽ አስፋው ሊያጽናኑኝ መጡ። “አይዞሽ ልጄ፣ ለከርሞ ደህና አድርገን እንጠራዋለን።” ሊወጡ ሲነሡ ደግሞ፣ “ጠሪ ግን ሌላ ሰው አዘጋጁ፤ እኔ ለከርሞ መድረሴን እንጃ” አሉ። በር ድረስ ሸኘኋቸው።

እሳቸው እንደወጡ ገመቺስ ኖታዎቹን ታቅፎ ገባ። ዓይኔን ማየት አቅቶታል። “እህቴ፣ አስተካክለሽ ድጋሚ አትሚልን።”

ላፕቶፑን አልከፈትኩም። የአባዬን ብዕር አመጣሁ። በየወረቀቱ ቁጥሩን ሰረዝኩና ከላዩ “ስሙ እስኪያልቅ” ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፌ ጠማማ ነው፣ የአባዬን አይመስልም።

“ይነበባል?” አልኩት።

“ይነበባል” አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።