ጋሽ ደረጃና ከቤተሰብ የተሰወረው ሕመማቸው

ታላቅ ወንድሜ ከዛሬ ሃምሳ ስድስት ዓመት በፊት ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ቤት ተወለዱ። እሳቸው የበኩር ልጅ ናቸው፤ ይህን የምጽፈው እኔ ደግሞ የመጨረሻው ነኝ።

አባታችን በሃምሳ አንድ ዓመታቸው፣ ከሥራ ገብተው ጫማቸውን ሲፈቱ ወድቀው በዚያው አረፉ። “ድንገተኛ ነው” ተባለ፤ ከዚያ በላይ የጠየቀ አልነበረም። የአሥራ ሰባት ዓመቱ ወንድሜ ቤቱን ተሸክመው፣ ቀን እየሠሩ የቴክኒክ ትምህርታቸውን በኤሌክትሪክ ሙያ አጠናቀቁ። እኔንም አሳድገው የፋርማሲ ባለሙያ አደረጉኝ።

በሊፍት ጥገና ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለዋል። ሊፍት ጠጋኝ የሚጠራው ሊፍቱ ሲቆም ነውና፣ የመሣሪያ ቦርሳቸውን አንግበው ሁልጊዜ በእግራቸው ይወጡ ነበር። ባልደረቦቻቸው “ጋሽ ደረጃ” ያሏቸው ለዚህ ነው። ባለቤታቸውንም ያገኙት በሥራ ላይ ነው። ወጣቷ የሒሳብ መምህርት በሦስተኛና በአራተኛ ፎቅ መካከል ተይዘው ሳለ፣ እንዳይደነግጡ አንድ ሰዓት ሙሉ በበሩ ስንጥቅ ሲያጫውቷቸው ቆዩ። በዓመቱ ተጋቡ፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

የዛሬ ሦስት ዓመት ራስ ምታት አስቸግሯቸው ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጡ። የደም ግፊታቸውን ስለካ መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር ሆነ።

“የታመመው መሣሪያህ ነው” ብለው ሳቁብኝ። ለምኜ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው፤ መድኃኒት ታዘዘላቸው፤ ሲጋራም እንዲተዉ ተነገራቸው። ስንወጣ ግን ክንዴን ያዝ አድርገው፣ “ለባለቤቴ እንዳትነግራት፤ ከአሁኑ ታለቅስልኛለች” አሉኝ።

“እሺ ጋሼ” አልኩ።

መድኃኒቱን ሁለት ወር ወስደው “ድኛለሁ” ብለው ተዉት። ሲጋራውን ከናካቴው አልተዉትም። ግፊት ያለ ሕመም ውስጥ ውስጡን እንደሚሠራ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ስመክር እውላለሁ፤ ለገዛ ወንድሜ ግን አንድ ጊዜ ተናግሬ ዝም አልኩ።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርሱ ደረታቸውን ይጫናቸው፣ ሲያርፉ ይለቃቸው ጀመር። “ጨጓራዬ ነው” አሉ። ሲደክሙ የሚመጣ፣ ሲያርፉ የሚለቅ የደረት ሕመም የልብ ሊሆን እንደሚችል ተምሬአለሁ። አባታችን እንዴት እንደሞቱም አውቃለሁ። ያሳደገኝን ሰው መጋፈጥ ከበደኝና የጨጓራ መድኃኒት በእጄ ሰጠኋቸው።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ሊፍት ውስጥ የተያዙ አንዲት አሮጊት አውጥተው፣ ወንበር ካስመጡላቸው በኋላ ራሳቸው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ላብ አጠመቃቸው፤ ግራ ክንዳቸው ደነዘዘ። አብሯቸው የነበረው ባልደረባቸው አምቡላንስ ልጥራ ሲል፣ “ጨጓራ ነው፣ ወንድሜ ያውቀዋል” አሉት። እሱም አመናቸው። አርባ ደቂቃ እንዲህ ባከነ። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሞቹ የተቻላቸውን ቢያደርጉም፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ አረፉ።

ትናንት ይህን ለመጻፍ ከመቀመጤ በፊት ለባለቤታቸው ሁሉንም ነገርኳቸው።

“ብትነግረኝ ጎትቼ እወስደው ነበር” አሉኝ። ቆይተውም፣ “ይህን ለእኔ ብቻ አትንገረኝ፤ ቀብሩ ላይ ሰው ፊት አንብበው። እዚያ ከሚቆሙት ወንዶች መካከል ደረቱን እያሸ ጨጓራ ነው የሚል አይጠፋም” አሉ።

ስለዚህ ይኸው በፊታችሁ አነበብኩት። ወንድሞቼ፣ ግፊታችሁን ተለኩ። የታዘዘላችሁን መድኃኒት ደህና ሆንን ብላችሁ አታቋርጡ። ደረታችሁን ሲጫናችሁ ለሚቆጣችሁ ሰው ንገሩ እንጂ እንደ እኔ እሺ ለሚላችሁ አትንገሩ።

ወንድሜ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል፤ የልጆቻቸውን ዕድሜ ያርዝም። እሳቸውም ባሉበት ሆነው፣ እሺ ያልኳቸውን ይቅር ይበሉኝ።